ስሙ በክሱ ላይ ያልነበረው ሹም

እ.ኤ.አ. በ1600፣ በጃፓኖች የጨረቃ አቆጣጠር በሰባተኛው ወር በ17ኛው ቀን፣ ከኦሳካ የወጣ አንድ የክስ ጽሑፍ በአገሪቱ ላሉት መሳፍንት ተላከ። ጽሑፉ 13 አንቀጾች ነበሩት፤ ተከሳሹም በዘመኑ በመሬትም በጦርም የሚስተካከለው ያልነበረው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ነው። ከግርጌው የሦስት ሹማምንት ስም ሰፍሯል። ነገሩን የጠነሰሰውና ሰዎቹን ያግባባው ዋናው ሰው ግን ስሙ የለበትም፤ ባለፈው ዓመት ከሹመቱ ተነሥቶ በግዛቱ እንዲቀመጥ ስለተደረገ በመንግሥት ጽሑፍ ላይ መፈረም አይችልም ነበር። ይህ ሰው ኢሺዳ ሚትሱናሪ ይባላል።

ስለ ሳሙራዮች ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሰይፍ ነው። የ1600ውን ታላቅ ግጭት ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ሰው ግን ጎልቶ የሚታየው ወረቀት ነው፦ መሐላ፣ የቃል ኪዳን ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ፊርማ። አንድ የጌታ ባለሟል የአገሪቱን መሳፍንት ግማሽ ያህል በኢዬያሱ ላይ እንዴት ሊያስነሣ እንደቻለ፣ ያ ሁሉ ድካምም በሴኪጋሃራ ሜዳ በአንድ ቀን እንዴት እንደፈረሰ ለመረዳት፣ ከሰይፉ ይልቅ ማን በምን ላይ እንደፈረመ መከታተል ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን የዘመኑን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሳሙራይ የሚለው ቃል የመጣው በጌታ ፊት ቆሞ ማገልገልን ከሚያመለክት ግስ ነው። ሳሙራይ እንግዲህ ተዋጊ ብቻ ሳይሆን ለጌታ ያደረ ሰው ነው፤ ጌታው መሬት ወይም የሩዝ ቀለብ ይሰጠዋል፣ እርሱም በጦርነት ይዘምታል፣ በሰላም ጊዜ ግብር ይሰበስባል፣ ዳኝነት ያያል፣ መልእክት ያደርሳል። የአንድ መስፍን ትልቅነት የሚለካው በኮኩ ነበር። ኮኩ 180 ሊትር ያህል የሚይዝ የሩዝ መስፈሪያ ሲሆን፣ አንድ ሰው በዓመት የሚበላው እህል ነው ተብሎ ይታሰባል። የመስፍኑ መሬት ስንት ኮኩ ያፈራል የሚለው ቁጥር ስንት ወታደር ማሰለፍ እንዳለበትም ይወስን ነበር። ኢዬያሱ የ2.5 ሚሊዮን ኮኩ ባለቤት ነበር፤ ሚትሱናሪ ግን 200 ሺህ እንኳ አይሞላም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ነገር ከዚህ ልዩነት የሚነሣ በመሆኑ አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች በልቡ እንዲይዝ እለምናለሁ።

የሁለቱም የበላይ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነበር። ሂዴዮሺ ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተወልዶ በኦዳ ኖቡናጋ ሥር ያደገ፣ ኖቡናጋ በ1582 በገዛ የጦር አዛዡ ከተከዳ በኋላ ተቀናቃኞቹን አንድ በአንድ አሸንፎ በ1590 አገሪቱን በእጁ ያስገባ ሰው ነው። ጭንቀቱ የወራሹ ነገር ነበር። ልጁ ሂዴዮሪ በ1593 ሲወለድ አባትየው ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ አስቀድሞ ወራሽ አድርጎ የሾመውን የእህቱን ልጅ ሂዴትሱጉንም በ1595 ራሱን እንዲያጠፋ አደረገው። በዚያው ዓመት መሳፍንት ያለ ፈቃድ በጋብቻ እንዳይተሳሰሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ለሕፃኑ ታማኝ እንዲሆኑም መሐላ አስገባቸው። ሞቱ ሲቃረብ አምስት ታላላቅ መሳፍንትን የልጁ እንደራሴዎች አደረገ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር የሚያካሂዱ አምስት ሹማምንት ነበሩ። ኢዬያሱ ከእንደራሴዎቹ አንዱ፣ ሚትሱናሪ ከሹማምንቱ አንዱ ነው። ሂዴዮሺ በመስከረም 1598 በፉሺሚ ግንብ ሲሞት ሂዴዮሪ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር።

በመለኪያ እንጨት ያደገ ሰው

ሚትሱናሪ በ1560 በቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ባለችው በኦሚ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ ለሂዴዮሺ አደረ። ሂዴዮሺ ከአደን ሲመለስ ተጠምቶ ወደ አንድ ቤተ መቅደስ እንደገባ፣ ብላቴናው ሚትሱናሪ መጀመሪያ በትልቅ ኩባያ ለብ ያለ ሻይ፣ ቀጥሎ በመጠኑ ሞቅ ያለ፣ በመጨረሻም በትንሽ ኩባያ ትኩስ ሻይ እንዳቀረበለትና በዚህ አስተዋይነቱ እንደተወደደ የሚተረክ ታሪክ አለ። ተረኩ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ስለሆነ እንደ ታሪክ ማስረጃ አላቀርበውም። ይልቅ በካጎሺማ ተጠብቆ የሚገኘው አንድ የእንጨት መለኪያ የበለጠ ይነግረናል። በእንጨቱ ላይ የአንድ ሻኩ፣ ማለትም የ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ምልክት ተደርጎበታል፤ ከምልክቱ ጋርም የሚትሱናሪ ፊርማ አለ። የሺማዙ ቤተሰብ መሬት በ1590ዎቹ ሲለካ፣ ልኩ ይህ ነው ተብሎ የተሰጠ መለኪያ ነው።

የዚህች እንጨት ትርጉም ቀላል አይደለም። ቀድሞ በየግዛቱ የመሬት ልኩም የእህል መስፈሪያውም የተለያየ ነበር፤ ሂዴዮሺ መላውን አገር በአንድ ልክ ሲያስለካ፣ በየመንደሩ ስንት እህል እንደሚመረትና ማን ምን ያህል ግብር እንደሚከፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በማዕከል ታወቀ። ያንን ሥራ ከመሩት አንዱ ሚትሱናሪ ነው። ስንቅ በማቅረብ፣ መርከብ በማዘጋጀት፣ መዝገብ በመያዝም የሚስተካከሉት ጥቂቶች ነበሩ። መዝገብ የሚይዝ ሹም ግን ወዳጅ አያበዛም። መሬቱ የተለካበት መስፍን የተደበቀ እህሉ ይወጣበታል፤ በጦር ሜዳ የዋለ አዛዥም ስለ ውሎው ሌላ ሰው ለጌታው ሪፖርት ሲያደርግ ደስ አይለውም።

ቂሙ የጠነከረው በኮሪያው ጦርነት (ከ1592 እስከ 1598) ነው። ሂዴዮሺ ወደ ኮሪያ ባዘመተው ጦር ላይ ተቆጣጣሪዎች ይልክ ነበር። በ1597 እና በ1598 መካከል በነበረው ክረምት በኡልሳን ግንብ ከተደረገው ከባድ ውጊያ በኋላ፣ ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ የሆነውና ከሚትሱናሪ ጋር በጋብቻ የሚዛመደው ፉኩሃራ ናጋታካ አንዳንድ አዛዦች የሸሸውን ጠላት አላሳደዱም ብለው ካመለከቱት መካከል ነበር። ኩሮዳ ናጋማሳን የመሳሰሉ አዛዦች በዚህ የተነሣ የጌታቸው ቁጣ ወረደባቸው። በብርድና በረኃብ ተቆራምደው የተመለሱት እነዚህ ሰዎች ጥፋቱን በሚትሱናሪ ላይ ጣሉ። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ አዛዦች የኢዬያሱ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። ካቶ ኪዮማሳና ፉኩሺማ ማሳኖሪ ሂዴዮሺ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው የቶዮቶሚ ቤት ልጆች ነበሩ። ኢዬያሱ በኋላ የተጠቀመበት ስንጥቅ በዚያው ቤት ውስጥ አስቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ፊርማውን ያጣበት ሌሊት

ሂዴዮሺ በሞተ ወራት ውስጥ ኢዬያሱ ልጆቹንና የዘመዶቹን ልጆች ከዳቴ ማሳሙኔ፣ ከፉኩሺማ ማሳኖሪና ከሌሎችም ቤቶች ጋር ሊያጋባ መዋዋል ጀመረ። ይህ በ1595 የወጣውን ሕግ በግልጽ የሚጥስ ነበር። የቀሩት እንደራሴዎችና ሹማምንቱ ተቃወሙት፤ ኢዬያሱም አዲስ መሐላ ሰጥቶ ነገሩን አበረደ፤ ጋብቻዎቹ ግን አልቀሩም። በዚያን ጊዜ ሊገዳደረው የሚችል አንድ ሰው ቢኖር የሁሉም አክብሮት የነበረው ሽማግሌው እንደራሴ ማዬዳ ቶሺኢዬ ነበር። ቶሺኢዬ በ1599 የጸደይ ወራት በሕመም ሞተ።

በሞተበት ሌሊት ኪዮማሳ፣ ማሳኖሪ፣ ናጋማሳ፣ ሆሶካዋ ታዳኦኪና ሌሎች፣ በጠቅላላው ሰባት የሚባሉ አዛዦች፣ ሚትሱናሪን ለመያዝ በኦሳካ ተነሡ። እርሱ ቀድሞ ሰምቶ ወደ ፉሺሚ አመለጠ። ሸሽቶ ኢዬያሱ ቤት ገባ የሚለው ታዋቂ ታሪክ በኋላ የመጣ ነው፤ የገባው በፉሺሚ ግንብ ውስጥ ወደነበረው የራሱ ግቢ እንደሆነ ዛሬ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ያም ሆነ ይህ ያስታረቀው ኢዬያሱ ነበር። የዕርቁ ውል ሚትሱናሪ በሕይወት እንዲተርፍ፣ ነገር ግን ሹመቱን ለቆ ሳዋያማ በተባለው ግንቡ እንዲቀመጥ ነው። የኢዬያሱ ልጅ ዩኪ ሂዴያሱ አጅቦ ሸኘው።

ብዙ ጊዜ ይህ ክስተት እንደ ጀብዱ ታሪክ ብቻ ይተረካል፤ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ ማጠፊያ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሚትሱናሪ ትልቅ መሬት አልነበረውም፤ ትልቅ ጦርም አልነበረውም። የነበረው ኃይል በሂዴዮሪ ስም በሚወጣ ትእዛዝ ላይ መፈረም መቻሉ ነው። ሹመቱን ሲያጣ ፊርማውን አጣ፤ ፊርማውን ሲያጣ በእጁ የቀረው ከ200 ሺህ ኮኩ ያነሰ ገቢ ያለው የአንድ መካከለኛ መስፍን አቅም ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ በሌሎች ስም መሥራት ነበር።

ኢዬያሱ በበኩሉ በዚያው ዓመት ወደ ኦሳካ ግንብ ምዕራባዊ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ፤ በሕፃኑ ጌታ ጎን ሆኖ መሬት ይሰጥና ይነሣ ጀመር። የሟቹ የቶሺኢዬ ልጅ አሲረሃል ተብሎ ሲከሰስ እናቱን መያዣ አድርጎ የኢዬያሱ መቀመጫ ወደነበረችው ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ በመላክ ተረፈ። ቀጥሎ ተራው የኡዬሱጊ ካጌካትሱ ሆነ። በሰሜን በአይዙ የተቀመጠው ይህ እንደራሴ አዲስ ግንብ ይሠራል፣ መንገድና ድልድይ ያበጃል ተብሎ ወደ ከተማ መጥቶ እንዲያስረዳ ቢጠራ እምቢ አለ። በሐምሌ 1600 ኢዬያሱ በሂዴዮሪ ስም ጦር ይዞ ወደ ምሥራቅ ተነሣ። ከኋላው ኦሳካና ኪዮቶ ባዶ ቀሩ፤ ፉሺሚን እንዲጠብቅ የተወው የልጅነት ባልንጀራውን ቶሪይ ሞቶታዳን ከጥቂት ጦር ጋር ነው። ሆን ብሎ ወጥመድ ዘርግቶ ሄደ የሚሉ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሳየውን መደናገጥ ሳይ እንዲህ ያለ ድፍረት የነበረው አይመስለኝም።

የተበደሩ ስሞች

ሚትሱናሪ መጀመሪያ የመከረው ከወዳጁ ከኦታኒ ዮሺትሱጉ ጋር ነው። ዮሺትሱጉ የትሱሩጋ ጌታ ሲሆን ከባድ በሽታ ይዞት ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ከኢዬያሱ ጋር ለመዝመት በጉዞ ላይ ሳለ ወደ ሳዋያማ ተጠራ። የሚትሱናሪን ሐሳብ ሲሰማ እንደማይሳካ ነግሮት አጥብቆ መከረው። በመጨረሻ ግን አብሮት ቆመ። እርሱም ሆነ ሌሎች የተረዱት አንድ ነገር ነበር፤ የሚትሱናሪ ስም ከፊት ከዋለ የሚጠሉት ሁሉ በአንድነት ይነሣሉ። ስለዚህ ትልቅ ስም ያስፈልጋል።

ያም ስም የሞሪ ቴሩሞቶ ነበር። ቴሩሞቶ በሂሮሺማ የተቀመጠ የ1.2 ሚሊዮን ኮኩ ጌታና እንደራሴ ነው። ሦስቱ ሹማምንት በሰባተኛው ወር በ12ኛው ቀን ወደ ኦሳካ እንዲመጣ ጻፉለት፤ የሞሪ ቤት አማካሪ የነበረው መነኩሴ አንኮኩጂ ኤኬይም ነገሩን ገፋበት። ቴሩሞቶ ሳይውል ሳያድር በባሕር ገሥግሦ ኦሳካ ግንብ ገባ። የ13ቱ አንቀጾች ክስም ወጣ። ክሱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፦ ሁለት ሹማምንትን ከሥራ ማስወጣት፣ ከማዬዳ ቤት መያዣ መውሰድ፣ ጥፋት በሌለው በካጌካትሱ ላይ መዝመት፣ ያለ ፈቃድ መጋባት፣ በኦሳካ ግንብ መቀመጥ፣ መሬት በራስ ሥልጣን ማደል፤ እያንዳንዱ ነጥብ የሂዴዮሺን ሕግ ወይም መሐላ ይጠቅሳል። በሕግ ሚዛን ብቻ ብንመዝነው፣ በእኔ ፍርድ፣ ሚትሱናሪ ትክክል ነበር።

ነገር ግን የተበደሩት ስም የራሱ ልብ አለው። ከፈራሚዎቹ አንዱ የነበረው ማሺታ ናጋሞሪ ለቴሩሞቶ በተጻፈበት በዚያው በ12ኛው ቀን፣ ዮሺትሱጉ በመንገድ ላይ እንደታመመና ስለ ሚትሱናሪ መነሣት ወሬ እንደሚሰማ ለኢዬያሱ ሰዎች የሚያሳውቅ ደብዳቤ እንደላከ በቅጂ የደረሰን ጽሑፍ ያሳያል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ለሁለቱም ወገን ጻፈ ማለት ነው። ቴሩሞቶም ቢሆን ከሂዴዮሪ ጋር ከግንቡ አልወጣም፤ ጦሩን የመሩት ዘመዱ ሞሪ ሂዴሞቶና የሞሪ ቤት ቅርንጫፍ የሆነው ኪካዋ ሂሮኢዬ ነበሩ።

ክሱ በወጣበት ዕለት የተፈጸመ አንድ ድርጊት ግን ከክሱ አንቀጾች ሁሉ በላይ ተሰማ። ከኢዬያሱ ጋር የዘመቱት አዛዦች ሚስቶቻቸው ኦሳካ ነበሩ፤ የሚትሱናሪ ወገን በመያዣነት ወደ ግንቡ ሊያስገባቸው ፈለገ። የሆሶካዋ ታዳኦኪ ሚስት ግራሲያ፣ የመጀመሪያ ስሟ ታማ፣ በ1563 የተወለደችና ክርስትናን የተቀበለች ሴት ናት። አባቷም በ1582 ኖቡናጋን የከዳው አኬቺ ሚትሱሂዴ ነው። ባሏ ሲሄድ ክብሩ የሚነካበት ነገር ከመጣ ቤተሰቡ እንዲሞት ለአሽከሮቹ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። ወታደሮች ቤቱን ሲከቡ ግራሲያ የቤቱን ሴቶች አስወጣች፤ ሃይማኖቷ ራስን ማጥፋት ስለሚከለክል የቤቱ ሽማግሌ አሽከር ኦጋሳዋራ ሾሳይ ገደላት። ከዚያም ቤቱን አቃጥለው እርሱና የቀሩት ሞቱ። እሳቱ ሲነድ ያዩት የኦሳካ ሰዎች የሚትሱናሪን ክስ ያነበቡ አይመስለኝም። ሌሎች ሚስቶችን አስገድዶ የማስገባቱ ነገር ተተወ፤ አንዳንዶቹም በድብቅ አመለጡ። ታዳኦኪ ወሬው ሲደርሰው ከኢዬያሱ የሚለየው ነገር አልቀረም።

የኤዶ ደብዳቤዎች

ፉሺሚ በመስከረም መጀመሪያ ወደቀ፤ ሞቶታዳም ከነወታደሮቹ አለቀ። ኢዬያሱ ወሬውን ሰምቶ ወደ ኤዶ ተመለሰና አንድ ወር ያህል ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። አብረውት የዘመቱትን የቶዮቶሚ አዛዦች ወደ ምዕራብ አስቀድሞ ላከ፤ እርሱ ግን ተቀምጦ ጻፈ። በእነዚያ ወራት ለመሳፍንትና ለባለሟሎቻቸው የላካቸው ደብዳቤዎች ከ100 በላይ ናቸው። ለአንዱ መሬት ተስፋ ይሰጣል፣ ለሌላው ያለህ ይጸናልሃል ይላል፣ ሦስተኛውን ስለ ጤናው ይጠይቃል። መዘግየቱ ፍርሃትም ነበረበት፤ ፉኩሺማ ማሳኖሪን የመሰሉ የሂዴዮሺ ልጆች በእውነት ከሂዴዮሪ ስም ጋር ሊዋጉ ይችሉ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። ማሳኖሪና ጓደኞቹ በሚትሱናሪ ወገን እጅ የነበረውን የጊፉን ግንብ ከያዙ በኋላ ብቻ ነው ኢዬያሱ ከኤዶ የወጣው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። እነዚህ ሰዎች ለሂዴዮሪ የማሉ ከሆነ ስለምን በሂዴዮሪ ስም የወጣውን ክስ ተቃወሙ? መልሱ ክሱን የጻፈው ማን እንደሆነ ማወቃቸው ነው። በእነርሱ ዓይን ጠቡ ከጌታቸው ልጅ ጋር ሳይሆን የሕፃኑን ስም ከያዘው ከሚትሱናሪ ጋር ነበር። ኢዬያሱም ይህንኑ ደጋግሞ ነገራቸው።

ከደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ የተዋጣለት ግን ኩሮዳ ናጋማሳ ነው። ናጋማሳ በሚትሱናሪ ወገን ያሉ ሁለት ሰዎችን በደብዳቤ ማግባባት ያዘ። አንደኛው በሞሪ ጦር ውስጥ ያለው ኪካዋ ሂሮኢዬ ነው። ሂሮኢዬ ኢዬያሱ ያሸንፋል ብሎ ያመነ፣ ኤኬይንም የሚጠላ ሰው ነበር፤ ጌታው ቴሩሞቶ የገባበትን ነገር አያውቅም እያለ ለናጋማሳ ይጽፍ ጀመር። ሁለተኛው ገና 20 ዓመት ያልሞላው ወጣቱ ኮባያካዋ ሂዴአኪ ነው። ሂዴአኪ የሂዴዮሺ ሚስት የኔኔ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ሂዴዮሺ አሳድጎት በኋላ ለኮባያካዋ ቤት የተሰጠ ነው። ሂዴዮሺ በሕይወት ሳለ ሰፊ ግዛቱን ወስዶበት ነበር፤ ያስመለሰለት ኢዬያሱ ነው። በስምንተኛው ወር መጨረሻ ናጋማሳና አሳኖ ዮሺናጋ በጻፉለት ደብዳቤ፣ እኛ የእቴጌ ኔኔን ነገር ስለምናስብ አንተም ወደዚህ ና ሲሉ ይለምኑታል። ልጁን ያሳደገችውን ሴት ስም መጥራታቸው በዘፈቀደ አልነበረም።

ከሂዴአኪ ጋር የሚደረገው ንግግር በሁለት ባለሟሎቹ፣ በሂራኦካ ዮሪካትሱና በኢናባ ማሳናሪ በኩል ይሄድ ነበር። በውጊያው ዋዜማ፣ በዘጠነኛው ወር በ14ኛው ቀን፣ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የተጻፈ የመሐላ ቃል አለ፤ ሂዴአኪ ታማኝነቱን ካሳየ በዋና ከተማው አቅራቢያ ሁለት ግዛቶች ይሰጡታል ይላል። ለሂሮኢዬም በዚያው ቀን የሞሪ ቤት መሬት እንደማይነካ የሚያረጋግጥ መሐላ ተሰጠው። ሁለቱም ላይ የፈረሙት የኢዬያሱ አዛዦች ሆንዳ ታዳካትሱና ኢይ ናኦማሳ ናቸው። ኢዬያሱ ራሱ አልፈረመም።

በማግስቱ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1600፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በሴኪጋሃራ ሸለቆ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። የሚትሱናሪ ጦር በተራሮቹ ላይ ሆኖ መንገዱን ይዟል፤ ኢዬያሱ ወደ ሸለቆው ገብቷል። ልጁ ሂዴታዳ 38 ሺህ የሚሆን ጦር ይዞ በሌላ መንገድ ሲመጣ በኡዬዳ ግንብ ተሰናክሎ አልደረሰም። በካርታ ላይ ለሚያይ ሰው ሚትሱናሪ የሚያሸንፍ ይመስላል፤ ካርታው ግን የዋዜማውን ሁለት መሐላዎች አያሳይም።

ከኢዬያሱ በስተኋላ በናንጉ ተራራ ላይ የሞሪ ጦር ሰፍሯል። ከፊቱ የቆመው ሂሮኢዬ ነው፤ እርሱ ካልተንቀሳቀሰ ከኋላው ያለው ሂዴሞቶ መውረድ አይችልም። ውረዱ የሚል መልእክተኛ ሲመጣ ሂዴሞቶ የሚመልሰው አጥቶ፣ ወታደሮቼ ምሳ እየበሉ ነው አለ ይባላል። ጃፓኖች ይህን ‹የሂዴሞቶ ባዶ የምሳ ዕቃ› በሚል አነጋገር ያስታውሱታል። ከዚያ ተራራ ላይ አንድም ሰው ሳይወርድ ውጊያው አለቀ። ሂዴአኪ ደግሞ በተለምዶ 15 ሺህ ተብሎ የሚቆጠር ጦር ይዞ በማትሱኦ ተራራ ነበር፤ ወርዶ የመታው የራሱን ወገን፣ የታመመውን ዮሺትሱጉን ነው። ዮሺትሱጉ ክህደቱን ጠርጥሮ ተዘጋጅቶ ስለነበር መጀመሪያ መከተ፤ ነገር ግን ሂዴአኪን ይመክታሉ ተብለው የቆሙ አራት ትናንሽ መሳፍንትም አብረው ከዱ። ዮሺትሱጉ በዚያው ራሱን አጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የምዕራቡ ጦር የሚባለው የሚትሱናሪ ወገን ሰልፍ ፈረሰ።

ስለ ሂዴአኪ ብዙ ተጽፏል፦ እስከ ቀትር አመነታ፣ ኢዬያሱ ተቆጥቶ ወደ ተራራው ቢያስተኩስበት ደንግጦ ወረደ ይባላል። የተኩሱ ታሪክ የሚገኘው ከጊዜ በኋላ በተጻፉ መጻሕፍት ነው፤ በውጊያው ሰሞን የተጻፉ ደብዳቤዎችን የመረመሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ወጣቱ ገና ከማለዳው ወደ ኢዬያሱ ዞሮ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይህ ከዋዜማው መሐላ ጋር ይበልጥ ስለሚስማማ እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ድንጉጥ ልጅ አድርጎ የሚያቀርበው ታሪክ የሚመች ቢሆንም፣ ለብዙ ሳምንታት የተጻጻፉትን ባለሟሎች ሥራ ይሸፍናል።

ሚትሱናሪ ወደ ኢቡኪ ተራራ ሸሸ፤ ከቀናት በኋላ በተወለደባት በኦሚ ተያዘ። ኖቬምበር 6 ቀን በኪዮቶ ወንዝ ዳር ከኤኬይና ከክርስቲያኑ መስፍን ከኮኒሺ ዩኪናጋ ጋር አንገቱ ተቀላ። ቀጥሎ የመጡት ሁለት ምዕት ዓመታት ተኩል የቶኩጋዋ ቤት ዘመን ስለሆኑ፣ የተጻፈለት ታሪክም ተንኮለኛና ትዕቢተኛ የሚያደርገው ነው። ቀዝቃዛና ሰው የማያባብል መሆኑን አልክድም። ሆኖም ስለ ሂዴዮሪ ያለው ፍርሃት ልክ እንደነበር ዓመታቱ አሳይተዋል፤ ኢዬያሱ በ1603 ሾገን፣ ማለትም የአገሪቱ የጦር የበላይ ገዥ፣ ተባለ፣ በ1615ም ኦሳካን አቃጥሎ ሂዴዮሪንና እናቱን አጠፋ። ሚትሱናሪን የጠላው ፉኩሺማ ማሳኖሪ በ1619 ያለ ፈቃድ ግንብ ጠግነሃል ተብሎ የሂሮሺማ ግዛቱ ተወሰደበት።

የዋዜማው መሐላዎችስ ምን ሆኑ? ለሂዴአኪ የተገባው ተፈጸመ፤ ኦካያማ ተሰጠው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ልጅ ሳይተካ ሞተ። የባለሟሉ የኢናባ ማሳናሪ ሚስት የነበረችው ሴት በኋላ የሦስተኛው ሾገን የኢዬሚትሱ ሞግዚት ሆና በቤተ መንግሥቱ ታላቅ ሥልጣን አገኘች። የሞሪ ቤት መሐላ ግን አልተፈጸመም። ቴሩሞቶ በኦሳካ ሆኖ የላካቸው ማኅተም ያለባቸው ደብዳቤዎች ተገኙ፤ ምንም አያውቅም የተባለው ሰው ጦርነቱን ሲመራ እንደነበር ታየ። ኢዬያሱም ሞሪን ሊሽር፣ ሱዎና ናጋቶ የሚባሉትን ሁለት ግዛቶች ደግሞ ለሂሮኢዬ ሊሰጥ አሰበ። ሂሮኢዬ ለእኔ የታሰበው ለጌታዬ ቤት ይሁን ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። የሞሪ ቤት ከገቢው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አጥቶ በሁለቱ ግዛቶች ተረፈ። ሂሮኢዬ በዚያው ውስጥ የኢዋኩኒን መሬት ያዘ፤ የሞሪ ዋና ቤት ግን በናንጉ ተራራ የሆነውን አልረሳምና የኪካዋን ዘሮች እንደ ሙሉ መስፍን አልቆጠራቸውም። ኢዋኩኒ ራሱን የቻለ ግዛት መሆኑ በይፋ የታወቀው በ1868፣ የቶኩጋዋ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ነው።